የቶኪዮ ገበያ ዓመቱን እንዴት ይውላል?
በዓላትና ልማዶች ለነጋዴው የሚናገሩት

ከሩቅ አገር ጋራ የሚነግድ ሰው የዕቃውን ዋጋና የመርከቡን መነሻ ቀን ብቻ ቢያውቅ ዕውቀቱ ገና ግማሽ ነው። ገዢው በየትኛው ወር አብዝቶ እንደሚገዛ፣ በየትኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቱን እንደሚዘጋ፣ ለማን ስጦታ እንደሚልክና ሒሳቡን መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ የቀረው ግማሽ ነው። ይህን ደግሞ ከዋጋ ዝርዝር ላይ አያገኘውም፤ ከአገሩ ልማድ ይማረዋል እንጂ።

ለዚህ ነገር የጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ መልካም ምሳሌ ናት። በባቡሮቿ ፍጥነትና በሕንፃዎቿ ብዛት የታወቀችው ይህች ታላቅ ከተማ፣ የገበያዋን ወራት ዛሬም የምትቈጥረው በአብዛኛው ኤዶ ትባል ከነበረበት ዘመን በወረሰችው ሥርዓት ነው። ኤዶ የሚለው ስም ቶኪዮ ተብሎ የተለወጠው በ1868 ነው፤ ልማዱ ግን ከስሙ ጋራ አልተለወጠም።

ኢትዮጵያ ከዚህች አገር ጋራ ያላት የንግድ ትውውቅ የቈየ ነው። ከፋሺስት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በአገራችን ገበያ ሰፊ ስፍራ ነበረው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. በልዑክነት ወደ ጃፓን ተሻግረው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአንባብያን አስታውቀዋል። ዛሬ ደግሞ ቡናና ሰሊጥ ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን ይጫናል፤ የሐረርና የሲዳማ ቡና በቶኪዮ ቡና ቤቶች «ሞካ» በሚለው ስም ይጠራል። እንግዲህ የጃፓን ገዢ ዓመቱን እንዴት እንደሚውል መመርመር ለላኪውም ለአስመጪውም የሚጠቅም ነገር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሁለት አቈጣጠር በአንድ ከተማ

ጃፓን የጨረቃንና የፀሐይን ዑደት ያጣመረውን ጥንታዊ አቈጣጠሯን ትታ የአውሮፓን የያዘችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ ዓመታትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም መጥራት አልቀረም። የአሁኑ ዘመን «ሬይዋ» ይባላል፤ የተጀመረውም በሜይ 1 ቀን 2019 ነው። ስለዚህ 2025 በመንግሥት ወረቀት ላይ «ሬይዋ 7» ተብሎ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። በሁለት አቈጣጠር ደብዳቤ መጻፍ የለመደ የኢትዮጵያ ነጋዴ በዚህ ነገር ብዙ አይቸገርም።

የአቈጣጠሩ መለወጥ ግን በገበያው ላይ አንድ ልዩነት ትቶ አልፏል። የሙታን መታሰቢያ የሆነው የ«ቦን» በዓል በጥንቱ አቈጣጠር በሰባተኛው ወር ይውል ነበር። ቶኪዮ ሰባተኛውን ወር ጁላይ አድርጋ በዓሉን ከጁላይ 13 እስከ 16 ስታከብር፣ አብዛኛው የአገሩ ክፍል አንድ ወር ቈይቶ ከኦገስት 13 እስከ 16 ያከብረዋል። ከቦን ጋራ የተያያዘው የስጦታ ወራትም እንዲሁ ነው፤ በቶኪዮ በጁላይ አጋማሽ ሲያልቅ በኦሳካ አካባቢ ግን እስከ ኦገስት ይዘልቃል። ለኦሳካ በጊዜው የደረሰ ዕቃ ለቶኪዮ የዘገየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዕዳ የሚጠየቅበት ሌሊት

በኤዶ ዘመን ንግድ በአብዛኛው የሚካሄደው በዱቤ ነበር። ደንበኛው ወራቱን ሙሉ ይወስዳል፤ ነጋዴው በመዝገቡ ይጽፋል፤ ሒሳቡም የሚከፈለው በቦንና በዓመቱ መጨረሻ ነው። ከሁለቱም ይልቅ የሚያስፈራው የዓመቱ መጨረሻ ነበር። በዚያች ሌሊት ዕዳ ሰብሳቢው ፋኖሱን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፣ ባለዕዳውም ምክንያት ሲፈጥርና ሲሸሸግ ያድራል። ጎሕ ከቀደደ በኋላ ግን አዲስ ዓመት ነውና የሚጠይቅ የለም። የኦሳካው ደራሲ ኢሃራ ሳይካኩ በ1692 የታተመውን አንዱን መጽሐፉን የጻፈው ስለዚህች አንዲት ቀን ነው።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለነጋዴውም ለገዢውም የሚጎዳ ነበር። ገንዘቡ ብዙ ወር ታስሮ ይቈያል፤ ከባለዕዳዎቹም አንዳንዱ ሳይከፍል ይቀራል። ነጋዴውም ይህን ኪሳራ ለማካካስ በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ በታማኝነት የሚከፍለው ሰው የማይከፍለውን ዕዳ ይሸከማል። በ1673 ሚትሱዪ ታካቶሺ የተባሉ ነጋዴ «ኤቺጎያ» የተሰኘውን የጨርቅ ሱቃቸውን በኤዶ ሲከፍቱ ይህን ልማድ ገለበጡት። ሽያጩ በእጅ ገንዘብ ብቻ፣ ዋጋውም ለማንም ቢሆን አንድ ቁርጥ ዋጋ እንዲሆን ወሰኑ። ጣቃው ሳይቈረጥ ካልሆነ አይሸጥም የሚባለውንም ልማድ ትተው፣ ለድኻው ደንበኛ የሚሻውን ያህል ቈርጠው ሸጡለት። የሠፈሩ ባለሱቆች ይህን አይተው ቢጠሉዋቸውና ቢያውኩዋቸው በ1683 ሱቁን ወደ ሌላ ሠፈር አዛወሩት፤ ደንበኛው ግን ተከትሏቸው ሄደ። ይህ ሱቅ በ1904 ሚትሱኮሺ የተባለ ታላቅ መደብር ሆነ፤ ዛሬም በኒሆንባሺ ሠፈር ይገኛል።

የስጦታው ሁለት ወራት

የዱቤው ሥርዓት ቢቀርም ሁለቱ ወራት አልቀሩም። የጃፓን መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ከወር ደመወዝ ሌላ የሚሰጡት ጉርሻ የሚከፈለው በብዙ ስፍራ በሙቀቱ ወራት መጀመሪያና በዲሴምበር ነው። ስጦታም የሚላከው በእነዚሁ ወራት ነው፤ የጁላዩ «ቹገን»፣ የዲሴምበሩ «ሰይቦ» ይባላል። ሰው ለአለቃው፣ ለቀድሞ መምህሩ፣ ለሐኪሙ፣ ለሽማግሌው፣ ድርጅቱም ለደንበኛው ምስጋናውን በዕቃ ይገልጻል።

በዚህ ጊዜ ታላላቆቹ መደብሮች አንድ ሰፊ አዳራሽ ለስጦታ ብቻ ይለያሉ። ቢራ፣ የምግብ ዘይት፣ ፍራፍሬ፣ ጣፋጭ ምግብ፣ ሻይና ቡና በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ ይታያል። ገዢው ዕቃውን ራሱ አይሸከምም፤ የተቀባዮቹን ስምና አድራሻ ጽፎ ይሰጣል፤ መደብሩም የላኪው ስም የተጻፈበትን የሥርዓት ወረቀት በሣጥኑ ላይ አድርጎ ያደርስለታል።

የኢትዮጵያ ቡና ላኪ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። በስጦታ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ቡና ከመርከብ ወርዶ በዚያው ቀን አይሸጥም፤ መቈላትና መታሸግ አለበት። መደብሩም የስጦታውን ዝርዝር የሚወስነውና የሚያሳትመው ወራቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። ከዝርዝሩ የቀረ ዕቃ ምንም ቢያምር የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ወራት ነው።

የዕቃው ቍጥርም ሥርዓት አለው። በጃፓንኛ አራት የሚለው ቃል አንዱ አነጋገር ሞት ከሚለው ቃል ጋራ ስለሚመሳሰል፣ ለስጦታ አራት ዕቃ በአንድነት መስጠት አይወደድም። ሲኒና ሳሕንም በባህሉ አምስት አምስት ሆኖ ይሸጣል። የእጅ ሥራ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ሲኒውን ስድስት ስድስት አድርጎ ከማሸጉ በፊት ገዢውን ቢጠይቅ መልካም ነው።

አዲስ ዓመትና የመጀመሪያው ሽያጭ

በዲሴምበር 31 ሌሊት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወላቸውን 108 ጊዜ ይደውላሉ። ቤተሰቡ ሶባ የተባለውን ረጅምና ቀጭን የዱቄት ምግብ ይበላል። በየደጁ ጥድና ቀርከሃ ይቆማል። ሲነጋ ሕዝቡ ለዓመቱ የመጀመሪያውን ጸሎት ለማድረስ ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ወደ ሜይጂ መቅደስ ብቻ የሚሄደው ሰው ወደ ሦስት ሚሊዮን ይገመታል። በአሳኩሳ ያለው የሴንሶጂ ቤተ መቅደስም እንዲሁ ይጨናነቃል። የዚህ ቤተ መቅደስ ታላቅ በር በ1865 ተቃጥሎ ለዘጠና አምስት ዓመት ያህል ሳይሠራ ከቈየ በኋላ፣ በ1960 በገንዘባቸው ያሠሩት የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ መሥራች የነበሩት ማትሱሺታ ኮኖሱኬ ናቸው። ከበሩ ሥር የተንጠለጠለው ቀይ ፋኖስ ዛሬ የከተማይቱ ምልክት ሆኗል።

ነጋዴውም በዓሉን በራሱ መንገድ ያከብራል። መደብሮች «ፉኩቡኩሮ» የተባለውን የዕድል ከረጢት ያወጣሉ፤ ገዢው በውስጡ ያለውን ሳያይ በቁርጥ ዋጋ ይገዛል፤ በውስጡ ያለውም ዕቃ ከከፈለው ዋጋ የሚበልጥ እንዲሆን ይጠበቃል። ባለሱቁ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ዕቃ ያስወጣበታል፤ ገዢውም ተደስቶ ይሄዳል። በዓሣ ገበያው ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ ትልቅ ወሬ ነው። በ2019 በቶዮሱ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና ዓሣ በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጠ። የገዛው ባለምግብ ቤት ይህን ገንዘብ ከዓሣው ሥጋ እንደማያገኘው የታወቀ ነው፤ የገዛው ስሙን ነው። የሥራው ዓመት ሲከፈትም፣ በጃንዋሪ 4 ቀን ገደማ፣ የየድርጅቱ ሠራተኞች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ካንዳ መቅደስ በመሄድ ንግዳቸው እንዲቃናላቸው ይለምናሉ።

የፌብሩዋሪው ጥቅልና የተረፈው ምግብ

ልማድ ገበያን እንደሚወልድ ሁሉ ገበያም ልማድን ሊወልድ ይችላል። በፌብሩዋሪ 3 ቀን ገደማ በሚውለው የ«ሴትሱቡን» ቀን ጃፓናውያን ክፉ መንፈስን ለማባረር የተቈላ ባቄላ መሰል ጥሬ ይበትናሉ። በዚሁ ቀን ወፍራም የሩዝ ጥቅል፣ ፊትን ወደ ዓመቱ መልካም አቅጣጫ መልሶ፣ ሳይናገሩ መብላት የኦሳካ ልማድ ነበር። ቀንና ሌሊት የማይዘጉት ትንንሽ ሱቆች ይህን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በመላው አገር አስፋፉት፤ የቶኪዮ ሰውም ከአያቱ ያልወረሰውን ልማድ ያዘ።

ሽያጩ ሲያድግ ግን ትእዛዙ ከልክ አለፈ። ጥቅሉ ለነገ የሚቈይ ምግብ አይደለምና ሳይሸጥ ያመሸው ሁሉ ተጣለ። ሕዝቡም በየዓመቱ የሚጣለውን ምግብ አይቶ አዘነ፤ ነቀፌታም በዛ። በመጨረሻም በጃንዋሪ 2019 የአገሩ የእርሻ ሚኒስቴር ሱቆቹ የሚያዘጋጁትን ምግብ ከፍላጎቱ ጋራ እንዲያስተካክሉ ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሱቆች አስቀድሞ ላዘዘ ደንበኛ መሸጥን አበረቱ። የአንድ ቀን ገበያ ትርፉ የሚያጓጓ ቢሆንም ኪሳራውም በዚያው አንድ ቀን ውስጥ ያለ ነው።

የአበባው ወራትና የበጀቱ ዓመት

በማርች መጨረሻ የቼሪ ዛፍ አበባ ይፈነዳል። በቶኪዮ የአበባው መፍካት የሚታወጀው በሥርዓት ነው፤ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በያሱኩኒ መቅደስ ውስጥ ያለውን አንድ የተወሰነ ዛፍ እየመረመሩ፣ አምስት ወይም ስድስት አበባ ሲከፈት ያስታውቃሉ። ከዚያ በኋላ የኡዌኖ መናፈሻ በሰው ይሞላል። በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ወጣቱ ሠራተኛ በማለዳ ሄዶ ምንጣፍ በመዘርጋት ለአለቆቹ ስፍራ የመያዝ ልማድ ነበረው። አበባው ከሳምንት ብዙ አይበልጥም፤ ስለዚህ ጣፋጩም መጠጡም በአበባው ቀለም ታሽጎ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ይህ ወራት ለሒሳብ ሠራተኛውም ታላቅ ነው። የመንግሥቱና የአብዛኛው ድርጅት የበጀት ዓመት በኤፕሪል 1 ቀን ይጀምራል፤ የትምህርት ዓመቱም እንዲሁ ነው። በማርች መጨረሻ ገዢው መዝገቡን ይዘጋል፤ በኤፕሪልም ሠራተኛው ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል። ለብዙ ዓመት ደብዳቤ የተጻጻፉት ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ በሌላ ሰው ቢተኩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያም ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ድረስ በዓላት ተከታትለው ስለሚመጡ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። የመጨረሻው ቀን የልጆች በዓል ነው፤ ከእኛ የድል በዓል፣ ከሚያዝያ 27 ቀን ጋራ በአንድ ዕለት ይውላል።

የሠፈሩ ትከሻና የወንዙ ርችት

በሜይ ወር፣ ዓመቱ ጎደሎ ቍጥር ሲሆን፣ የካንዳ መቅደስ ታላቅ በዓል ይከበራል። በ1681 በተወሰነው ሥርዓት መሠረት ከሳኖ መቅደስ ጋራ ዓመት በዓመት ይፈራረቃሉ። ካንዳ የነጋድያን ሠፈሮች መቅደስ ነው። ሰዎቹ የሠፈራቸው ስም የተጻፈበትን አጭር ካባ ለብሰው፣ በወርቅ ያጌጠውን ትንሽ መቅደስ በትከሻቸው ተሸክመው በሱቆችና በባንኮች መካከል ያልፋሉ። በመካከለኛው ከተማ ነዋሪው እያነሰ መሥሪያ ቤቱ እየበዛ ስለ ሄደ፣ ዛሬ ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በዚያ የሚሠሩ ሠራተኞችና ከሌላ ስፍራ የመጡ ረዳቶች ናቸው።

በጁላይ መጨረሻ ቅዳሜ በሱሚዳ ወንዝ ላይ ርችት ይተኰሳል። ትውፊቱ መነሻውን ከ1732ቱ ረኃብ በኋላ፣ በ1733 ለሙታን ከተደረገው መታሰቢያ ጋራ ያያይዘዋል። በኤዶ ዘመን ርችቱን የሚሠሩት ካጊያና ታማያ የተባሉ ሁለት ተወዳዳሪ ሱቆች ነበሩ፤ ሕዝቡም ያማረውን እያየ የሠሪውን ስም ይጮኽ ነበር። ታማያ በ1843 ከሱቁ እሳት ተነሥቶ ሠፈር ስላቃጠለ ከከተማይቱ ተባረረ። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ዛሬም ርችቱ ሲፈነዳ «ታማያ!» ብሎ ይጮኻል። ሱቁ ከጠፋ ከመቶ ሰባ ዓመት የሚበልጥ ሆኖታል፤ ስሙ ግን ገና በሰው አፍ አለ።

መንሹና ጭብጨባው

በኖቬምበር ነጋዴው የራሱ የሆነ ገበያ አለው። የጥንቱ አቈጣጠር ቀኖችን በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይጠራል፤ በኖቬምበር የዶሮ ቀን በዋለ ቁጥር፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአሳኩሳ የኦቶሪ መቅደስ ገበያ ይቆማል። የሚሸጠው ዕቃ የቀርከሃ መንሽ ነው፤ ቅጠል እንደሚሰበስብ ሁሉ ሀብትን ይሰበስባል ይባላል። በላዩም የወርቅ ገንዘብ ምስል፣ የሩዝ ጆንያ፣ ዓሣና የምትስቅ ሴት ፊት ይደረድሩበታል።

አገዛዙ ግን ከዕቃው ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢው ይከራከራል፤ ሻጩ ይቀንሳል፤ ገዢው ደግሞ ያስቀንሳል። ከተስማሙ በኋላ በደንቡ የሚያውቀው ገዢ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ይከፍላል፤ በክርክር ያስቀነሰውንም ገንዘብ ለሻጩ ጉርሻ ብሎ ይተውለታል። በዚህ ጊዜ የሱቁ ሰዎች ሁሉ ተነሥተው ከገዢው ጋራ በአንድ ምት ያጨበጭባሉ። ክርክሩ ለገንዘቡ ሳይሆን ለወዳጅነቱ ነበር ማለት ነው። መንሹ በሱቅ ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰቀላል፤ በሚቀጥለው ኖቬምበር አሮጌው ይመለስና ከእርሱ የሚተልቅ ይገዛል። ሥራው የተበላሸበት ነጋዴ ትንሽ መንሽ ሲገዛ ጎረቤቱ ያየዋል።

የሚለወጠውና የማይለወጠው

ሁሉም እንደ ቀድሞው ነው ለማለት አይቻልም። ለአዲስ ዓመት የሚላከው የመልካም ምኞት ካርድ ለ2004 ከአራት ቢሊዮን በላይ ታትሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እየቀነሰ ሄዷል። ሁለቱንም ስጦታ የከለከሉ ድርጅቶች አሉ፤ ወጣቶችም ስጦታውን በቀድሞው ብዛት አይልኩም። ይሁን እንጂ የሚላከው ስጦታ ጥቂት በሆነ መጠን ምርጫው ይጠነክራል።

ለኢትዮጵያ ላኪ ዋናው ነገር ይህ ነው። በ2008 በጃፓን በተደረገ ምርመራ በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የተባይ መድኃኒት ቅሪት ተገኝቶ፣ ግዢው እጅግ ቀነሰ፤ ብዙ ላኪም ተጎዳ። ነገሩ በሕግ ብቻ የሚታይ አይደለም። ያንን ቡና በሣጥን አሽጎ ለአለቃው የሚልክ ሰው በሣጥኑ ላይ የጻፈው የራሱን ስም ነው። ዕቃው ቢነቀፍ የሚያፍረው እርሱ ነው፤ ያሳፈረውንም ዕቃ ዳግመኛ አይገዛም።

ላኪው በመዝገቡ ሊጽፋቸው የሚገቡ ቀኖች

የዓመቱ መዝጊያና አዲስ ዓመት፦ ከታኅሣሥ 20 እስከ 26 ገደማ፤ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ።
የበጀት ዓመት መጀመሪያ፦ መጋቢት 23።
የጸደይ በዓላት፦ ከሚያዝያ 21 እስከ 27።
የቹገን ስጦታ በቶኪዮ፦ እስከ ሐምሌ 8 ገደማ።
የቦን ዕረፍት በአብዛኛው አገር፦ ከነሐሴ 7 እስከ 10፤ ብዙ ሰው ወደ ትውልድ ስፍራው ይሄዳል።
የጃፓን የቡና ቀን፦ መስከረም 21፤ የአገሩ የቡና ማኅበር በ1983 የወሰነው።
የሰይቦ ስጦታ፦ በዲሴምበር ወር።

በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ቀኖች በአንድ ቀን ይቀድማሉ፤ ውል የሚዋዋል ነጋዴ ይህን ባይዘነጋ መልካም ነው።